ነጠላ የለበሰው ማሽን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ደሴ

ዛሬ ሚኒስትር ከሆንኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምቦልቻ ሄጄ የድሮ ፋብሪካዬን ጎበኘሁ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሳለሁ የጀመርኩት ልማድ አለ፤ ሠራተኛ ሲሞት ማሽኑ አንድ ቀን ይቆማል፣ ነጠላም ይለብሳል።

የሽመና ማሽኖቹ ሁሉ ይጮኻሉ። የእኔ ብቻ ነጠላ ለብሶ ቆሟል።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኳት ዘይነባን፤ ስንት ዘመን ጎን ለጎን ሠርተናል።

«እርስዎ የተሾሙ ለት ነው ያለበስነው» አለችኝ። ዘይነባ አንቱ ብላኝ አታውቅም።

ሳቅሁ። ሌላ የሳቀ የለም። ነጠላውን ልገፍፍ ስል እጄን ያዘችው።

«ይተዉት፤ ወላሂ፣ አልቅሰን ጨርሰናል።»

ስወጣ ሠራተኞቹ እኔን አልፈው ሹፌሬን ጨበጡት። «እግዜር ያጥናህ» ይሉታል። ሹፌሬም ደሴ እስክንገባ በመስታወቱ መኖሬን ደጋግሞ ያረጋግጥ ነበር።