አክስቴ አላዘነችም

ረቡዕ

አላዘነችም! ስንቴ ልንገረው? የምሠራበት የጂንካው እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ጋሽ ታደለ፣ አዳራሹ ውስጥ ለተሰቀለው ሥዕል ማብራሪያ ጻፊ ብሎኛል። ቅዳሜ እንግዶች አሉበት። «ሐዘን፣ ትሕትና፣ ምስጢር የሚሉ ቃላት አስገቢበት፤ ፈረንጅ ይወዳል» አለኝ። ሥዕሉ ላይ ያለችው እኮ አክስቴ ዋሌ ናት። የሐመር ሴት ምንጣፍ ላይ ተጋድማ፣ አጠገቧ የመዳብ ማንቆርቆሪያ፣ ከላይ ከመስኮት የሚወርድ ወርቃማ ብርሃን። የቱ ቤታችን ነው እንዲህ ያለ መስኮት ያለው?

ሐሙስ

አክስቴ ከዲመካ መጣች። ሥዕሉን አይታው አታውቅም ነበር፤ ሳቀች። ሠዓሊው ምንጣፉንም ማንቆርቆሪያውንም ከመኪናው አውርዶ ግራር አጠገብ አጋድሟት ነበር አለች፣ በጠራራ ፀሐይ። «ፀሐይዋ ዓይኔን ስትወጋኝ አቀረቀርኩ። ንዴት ነው ያ» አለችኝ በሐመርኛ።

ከዚያ ሥዕሉ ላይ ያለውን አንገት አየችና ሳቋ ጠፋ። አክስቴ የመጀመሪያ ሚስት ናት፤ ከፊቱ ጉጥ ያለውን የቆዳና የብረት ቀለበት አንገቷ ላይ የምታደርገው ለዚያ ነው። ሠዓሊው አውልቂው ሲላት እምቢ ብላዋለች። እሱ ግን ሳይሥለው ቀረ! «ይቺን አላውቃትም» አለች።

ዓርብ

ጻፍኩ፦ «ዋሌ ትባላለች። የመጀመሪያ ሚስት ናት። ፀሐይ ዓይኗን ወግታት ተናዳለች። የአንገቷን ቀለበት ሠዓሊው ሳይሥለው ቀርቷል።»

ጋሽ ታደለ አንብቦ ቀደደው። «ሥራሽን ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?» እፈልጋለሁ እንጂ! ታናሽ እህቴን በምን ላስተምራት ነው? ግን አዝናለች ብዬ ከምጽፍ ሞቼ እገኛለሁ።

ቅዳሜ

እንግዶቹ ሥዕሉ ፊት ተሰብስበዋል፤ ጋሽ ታደለ ራሱ ስለ ሐዘኗ ያወራል። አክስቴ መሐላቸው ሰንጥቃ ገባች። ፀጉሯ ከተቀባው ቀይ አፈርና ቅቤ በጣቷ ጠረግ አድርጋ፣ የሥዕሉ መስታወት ላይ፣ በአንገቷ ትክክል፣ ቀለበቱን ከነጉጡ ሣለችው። ከዚያ ዘወር ብላ የራሷን አሳየቻቸው። ጋሽ ታደለ ላብ በላብ! አንዷ እንግዳ «ማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፀሐይዋን፣ ንዴቱን፣ ስሟን። እሰይ!

ሲሄዱ ጋሽ ታደለ ጠራኝ። «ነገ ጠዋት መስታወቱን ጠርገሽ ጠብቂኝ፤ አለዚያ የአዳራሹን ቁልፍ አስረክበሽ ትሄጃለሽ።»

እሑድ

አክስቴን መኪና አሳፍሬ አዳራሹን ከፈትኩ። ጨርቅ ይዤ ነበር፤ አልዋሽም። የጠዋት ፀሐይ በእውነተኛው መስኮት ገብታ መስታወቱ ላይ አርፋለች። የቅቤው ጥላ ሥዕሉ ላይ ወድቋል፣ ልክ አንገቷ ላይ። ቀለበቷን አድርጋለች። አሁን ማንም ቢያያት መናደዷን ያውቃል።

ጨርቁን ኪሴ ከተትኩት። የጋሽ ታደለ ሞተር ሳይክል በር ላይ ቆመ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፤ ይምጣና ይቀበለኝ።