የአብራሪው ወንድማችን ሕይወትና ያላዩአቸው ሦስት ደቂቃዎች

አብራሪው ወንድማችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ኅዳር 14 ቀን 1955 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። አባታቸው እንጨት ሲለኩ ሜትሩን የሚይዙት እሳቸው ነበሩ፤ አንዴ የተለካውን ሳይደግሙ አያምኑም ነበር። እናታቸው "ይሄ ልጅ የሬሳ ሳጥኑንም ልክ ራሱ ሳያይ አይገባም" እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1974 ዓ.ም. የበረራ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1977 ዓ.ም. የአብራሪነት ፈቃድ አግኝተው ባለ አንድ ሞተር አነስተኛ አውሮፕላን ማብረር ጀመሩ። ለሃያ ስድስት ዓመታት መንገድ ወደሌለባቸው ቦታዎች መድኃኒትና ደብዳቤ አድርሰዋል፤ በሽተኞችንም አመላልሰዋል። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አስተማሪ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው "ሸፋኙ" ይሏቸው ነበር። በበረራ መሀል የፍጥነት መለኪያውን በካርድ ይሸፍኑና፣ ተማሪው በአሥር ሰከንድ ውስጥ ካላስተዋለ "አንተ ተሳፋሪ ነህ፤ ቲኬትህን አምጣ" ይሉት ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም እሳቸው በሚያበሩበት መሥሪያ ቤት መካኒክ ነበሩ፤ የሞተርን ሕመም በድምፁ ስለሚለዩ "ጆሮ" ይባላሉ። ሁለቱ "አማቼ" እየተባባሉ ለሃያ ዓመታት እሑድ እሑድ በአንድ ጠረጴዛ በልተዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እንዲዘለል የለመኑን ዘመዶች ነበሩ።

መጋቢት 9 ቀን 2003 ዓ.ም. ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው አንድ የተጠገነ አውሮፕላን ወደ ጣቢያው ይመልሱ ነበር። ባለቤታቸው ለሁለቱም ምሳ አቅርበው ይጠብቁ ነበር። አውሮፕላኑ አውቶፓይለት ተገጥሞለታል። ይህ መሣሪያ የተሰጠውን አቅጣጫና ከፍታ ይጠብቃል፤ የሞተሩን ጉልበት ግን አይቆጣጠርም። መሣሪያው ከመጣ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ አብራሪዎች፣ እንዳረፉ ወደ ቤታቸው ለመሄድ ሲሉ፣ የነዳጅና የጭነት ቅጹን አየር ላይ መሙላት ለምደው ነበር። ወንድማችንም መሣሪያውን አብርተው፣ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አቀረቀሩ።

አየሩ እርጥብ ነበር። በሞተሩ የአየር ማስገቢያ ውስጥ በረዶ እየጋገረ ጉልበቱ በጥቂት በጥቂቱ ቀነሰ። አንዲት እጀታ ቢስቡ ሞቃት አየር ገብቶ ያቀልጠው ነበር። ጆሮ "አማቼ፣ ይሄ ድምፅ አልጣመኝም" አሏቸው። ወንድማችን "ይቺን መስመር ልጨርስ" ብለው መለሱ። መሣሪያው ከፍታውን ላለመልቀቅ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ሽቅብ እያነሣ፣ ፍጥነቱ እየወረደ ሄደ። ቀና ሲሉ አውሮፕላኑ አንድ ክንፉን ጥሎ መውደቅ ጀምሯል፤ ከመሬት የቀራቸው ከፍታ ለማስተካከል አልበቃም። ጆሮ እዚያው ሕይወታቸው አለፈ። ወንድማችን አከርካሪያቸው ተሰብሮ ተረፉ።

ባልደረቦቻቸው "መሣሪያው ነው በል፣ ማን ያውቅብሃል?" ቢሏቸውም፣ ለመርማሪዎቹ የሰጡት ቃል እንዲህ ይላል፦ "መሣሪያው ያዘዝኩትን ሠርቷል። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያላየሁት እኔ ነኝ። አማቼ ነግሮኝ ነበር።" ባለቤታቸው የወንድማቸውን የመጨረሻ ቃል ያወቁት ከዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ወንድማችን ወገባቸውና እግራቸው ሳይታዘዝላቸው ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ባለቤታቸው ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጧቸው ነበር፤ አንድም ቀን አላጓደሉም። ስለ ወንድማቸው ግን አንድም ቀን አላነሡም። ወንድማችን ይቅርታ በጠየቁ ቁጥር "ዞር በል፣ ጀርባህን ልይልህ" ይሏቸው ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር ኩላሊታቸው ታመመና ሆስፒታል ገቡ። ሐምሌ 2 ቀን ከሰዓት በኋላ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው "ምሬሃለሁ በይኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" አሏቸው። ባለቤታቸው ትራሱን አስተካክለው "ደክሞሃል፤ ተኛ" አሉ። በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ባለቤታቸው ከኮሪደሩ ጫፍ ፎጣ እያጠቡ ሳሉ፣ ወንድማችን በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለባለቤታቸው ተነበበላቸው። የሚቆረጥ ካለ ሲጠየቁ "ተዉት፤ ዋሽተን አንቅበረው። ያንን ቃል ግን አሁንም ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። እሱንም ጻፉት" አሉ። ጽፈነዋል።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና አራት ወንድምና እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ተቀብሎ፣ እዚህ ዘጠኝ ዓመት ጠብቀው ያልሰሙትን ቃል እሱ ይበላቸው። ለባለቤታቸው ምን ብለን እንደምንጸልይ አናውቅም።