አርባ ጫማ ታች

ሰኞ፣ ጥር 12 ቀን 1989

ዘውዴ በሰው ፊት ውሸታም አደረገኝ። ትናንት፣ በጥምቀት ቀን፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። ዘውዴ ማለት ወንድ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት አበልጄ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀት አላባክንበትም ነበር።

ቅዳሜ ከሐይቁ የያዝኳቸውን ባስ የሚባሉ ሦስት ዓሦች አጽድቼ ለበዓሉ ይዤ ሄድኩ። ዘውዴ ፌስታሉን ሲፈታ የሱቅ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት አየ። ከፍ አድርጎ ያዘውና፣ «አበልጄ፣ ሐይቁ ዋጋ ለጥፎ ነው እንዴ ዓሣ የሚሰጥህ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ዓሣውን አውጥቼ ፌስታሉን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ዝርዝር አለ። በፀደይ በጀልባዬ ወጥቶ ዓሣ ማጥመድ የሚፈልግ ስሙን ይጽፍበታል። ሰው ይዞ ወጥቶ ለማስጠመድ የሚያስፈልገውን የጋይድ ፈቃድ ያወጣሁት በኅዳር ነው፤ በስልሳ ስድስት ዓመቴ። ሰባት ሰው ተመዝግቦ ነበር። ስወጣ አራቱ ስማቸውን ሰርዘዋል።

አራት።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ፋርመርስ ብራንች በሚባለው ከተማ፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር ዋልኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ ፌስታሉ ብቻ።

እውነቱን ልጻፍ። ፌስታሉ የሱቅ ነው። ጉንፋን ጥሎኝ ሐይቅ መሄድ ያቃተኝ ጊዜ ዓሣ ገዝቼበት ነበር። አጥቤ አስቀመጥኩት። ደህና ፌስታል አይጣልም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ታጥበው የታጠፉ አርባ ያህል አሉ። ወረቀቱን መላጥ ነበረብኝ። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእኔ ነው። የቀረው የዘውዴ ነው። ጠጋ ብሎ ሊጠይቀኝ ይችል ነበር።

ከሥራ እንደገባሁ ደወልኩለት።

«ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሜስኪት፣ ቤትህ በር ላይ ነኝ። ወፍራም ልበስ።»

«በዚህ ብርድ? ማለቴ፣ ዓሣውም እኮ ተከናንቦ ተኝቷል!»

«የት እንደተኛ አውቃለሁ» አልኩና ዘጋሁት።

ምን ነካኝ? ጥር ለዓሣ ከወራት ሁሉ የከፋው ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 14

የዓሣ ደብተሬን አወጣሁ። የሰባት ዓመት ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። ጥቂቱን ከቤተ መጻሕፍት፣ የቀረውን ከሐይቁ ተማርኩ። ያ ሐይቅ ውኃው የጠራ ነው፤ አንተ ዓሣውን ሳታየው እሱ ያይሃል። ጥልቅም ነው፤ ቦታውን ያላወቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ባዶ ውኃ ሲቀዝፍ ይውላል።

ፀደይ፦ እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር ይወጣሉ። በዓይን ይታያሉ። ልጅም ይይዛቸዋል።

የሙቀቱ ወራት፦ ጎህ ሲቀድ ላይ ናቸው፣ ፀሐይ ስትበረታ ሠላሳ ጫማ ይወርዳሉ።

ቅጠል ሲረግፍ፦ ትንንሾቹን ዓሦች እያሳደዱ ከሐይቁ ጥግ ወዳለው ወሽመጥ ይገባሉ። ውኃው ይፈላል። ያን ጊዜ እጄም አብሮ ይፈላል።

ብርድ፦ ግድቡ ተሠርቶ ሐይቁ ሳይሞላ በፊት ወንዙ ይሄድበት የነበረው ገደል አፍ ላይ፣ ከሰጠሙት ዛፎች አጠገብ። አርባ ጫማ።

አምና በጥር አራት ጊዜ ወጣሁ። ሁለቴ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ይህን ዘውዴ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ከወጥ ቤት አንድ ማንኪያ ወሰድኩ። እጀታውን በመጋዝ ቆርጬ፣ ከሁለቱም ጫፍ በስቼ፣ መንጠቆ አሰርኩለት። ከሱቅ ከሚገዛው ይሻላል። ብረቱ ይከብዳል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሲወርድ እንደ ቆሰለ ትንሽ ዓሣ ያብለጨልጫል። ሁለት ሠራሁ፤ አንዱ ለዘውዴ።

አሁን ቤቴ ውስጥ የቀረኝ ማንኪያ ሦስት ነው። ይበቃል።

ዓርብ፣ ጥር 16

የዘውዴ ልጅ ሂሩት ደወለች። ነርስ ናት።

«ጋሼ፣ ዳድ ጃኬት እየፈለገ ነው፣ ፈርቷል መሰለኝ። ሶ፣ ካሜራ ልስጥዎት? እነዚያ አንዴ ተጠቅመው የሚጣሉትን። ፒክቸር ካለ ማንም አይከራከርዎትም።»

«አልፈልግም። ምስክሬ አባትሽ ነው።»

«ኦኬ፣ ግን ጋሼ...»

«አልኩሽ እኮ።»

ቀኑን ሙሉ የሰሜን ነፋስ ነበር። ነገም እንዲህ ከነፈሰ ጀልባዋ አንድ ቦታ አትቆምልኝም። ባዶ እጃችንን ከተመለስን ዝርዝሩን ራሴ ከግድግዳው አወርደዋለሁ። ለራሴ ቃል ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ነፋሱ ቆሟል! ፎርት ዎርዝን አልፈን ሐይቁ ስንደርስ ውኃው እንደ መስተዋት ተኝቷል። ዘውዴ ሁለት ካፖርት ደርቦ መጥቷል፤ ጀልባዋ ላይ ጆንያ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

ማንኪያውን ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። «ሾርባ ልንጠጣ ነው?»

«ታች እስኪደርስ ልቀቀው። ትንሽ አንሳው፣ መልሰህ ጣለው። በብርድ ዓሣው አይጎትትህም። ክሩ ብቻ ይላላል። ዓይንህን ከክሩ እንዳትነቅል።»

አንድ ሰዓት ጠበቅን። ምንም። ሁለት ሰዓት ሞላን። ምንም። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

«አበልጄ፣ ሱቁ በስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«ክርህን እይ።»

ጀልባዋን ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ገደሉ አፍ አስጠጋኋት። የጥልቀት መሣሪያዬ ላይ ዛፎቹ ታዩ፤ ከዛፎቹ በላይ ደግሞ ወፍራም ሰረዞች፤ ዓሦቹ ናቸው። አርባ ጫማ! ደብተሬ እንዳለው፣ አንድ ጫማ እንኳ ሳይዛነፍ።

የዘውዴ ክር ላላ። እሱ ማንኪያው ታች የደረሰ መስሎት ቆሞ ያያል።

«ሳበው! ሳበው አንተ ሰው!»

ሳበ። ዘንጉ እስከ ውኃው ጎበጠ። «ድንጋይ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ድንጋይ አይሄድም!» ብዬ ጮህኩ። እኔ ከዚያ በፊት የጮህኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ያቺ ዓሣ ወደ ታች ሁለቴ ሮጠች፣ እሱ ሁለቴ ማርያምን ጠራ። ውኃው ከመጥራቱ የተነሳ ገና ሩቅ ታች ሳለች ነጭ ሆዷ ሲገለበጥ አየናት። በመረብ አነሳኋት። ስምንት ፓውንድ ተኩል! ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለች አንድ ብቻ ነው የያዝኩት።

ዘውዴ አቅፏት ይስቃል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ወዲያው የበረዶውን ሣጥን ፍለጋ ዞር አለ።

«መልሳት» አልኩ።

«ምን?»

«ሆዷን እይ። እንቁላል ይዛለች። እንዲህ ያለችውን እናት ከዚህ ሐይቅ አላወጣም። ለበዓሉም ትንንሾቹን ብቻ ነው ያመጣሁት። አንተ ያዝካት፣ አንተው ልቀቃት።»

«አብደሃል? ባዶ እጄን ሄጄ ብናገር ማን ያምነኛል?»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱ ሰማው። ጎንበስ ብሎ ለቀቃት።



እሑድ፣ ጥር 18

ዘውዴ አላስቻለውም። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሁለት እጁን ዘርግቶ ማውራት ጀመረ። የዘረጋው እጁ ከዓሣዋ በለጠ፤ ሰው ሁሉ መጨረሻውን ቀድሞ አውቆታል። አንዱ ከጥግ፣ «ከየትኛው ሱቅ ነው፣ ዘውዴ?» አለ።

ሳቁ ካለፈው እሑድ ይበልጣል። ዘውዴ ቀላ። ከዚያ ወደ እኔ አየ። አልጠራኝም፣ አየኝ ብቻ።

ያን ሳቅ ሳምንቱን ሙሉ ተመኝቼው ነበር። ደረሰልኝ። ሻዩን አንዴ እስክጎነጭ ድረስ ጣፈጠኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልጣፈጠኝም።

ተነሳሁ። «ስምንት ፓውንድ ተኩል ነበረች። የመዘንኳት እኔ ነኝ። ያስለቀቅኩትም እኔ ነኝ።»

የጥጉ ሰው ወደ ሻዩ ተመለሰ። ከእኔ ጋር መከራከር የሚወድ ሰው እዚያ አዳራሽ የለም።

ዘውዴ ዝርዝሩ ወዳለበት ሄደ። እስክሪብቶ አወጣና ከተሰረዙት ስሞች በላይ፣ ከሁሉም አናት ላይ፣ ስሙን ጻፈ። ከሰረዙት ሦስቱ ተከተሉት። ዝርዝሩ ላይ አሁን እንደገና ሰባት ሆኑ፤ አራተኛው እስኪያስብበት ይቆይ።

መኪና ጋ ሂሩት ደረሰችብኝ። «ጋሼ፣ ዳድ ይቅርታ ጠየቀዎት?»

«ስለ ምን?» አልኳት።

ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። አርባውንም ፌስታል አንድ በአንድ አየሁ። ሁለቱ ላይ የቀረውን ወረቀት ላጥኩ። ዘውዴ ከፍ አድርጎ የያዘውን ያንን አንዱን ጣልኩት። ስለ እሱ ነገር ዘውዴ ቢያነሳብኝ አልመልስም። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝም አልመልስም። እዚህ ደብተር ላይም ሁለተኛ አልጽፈውም።