የሌለውን ፍሪሲዮን ስለማቃጠሌ

ለተከበሩ አቶ ተክለ ሚካኤል፣
የመሥሪያ ቤታችን የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ፣
ላስታ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ከነቤተሰብዎ፣ ከነከብትዎ፣ ከነአዝመራዎ ደኅና ነዎት ወይ? እኔ የአምቡላንሷ ሹፌር ደሳለ ከፋለ፣ ከሥራ ከመታገዴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የመኪናዋን ፍሪሲዮን ስላቃጠልኩ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልተካሁ እንደምሰናበት የሚገልጸው ደብዳቤዎ በክብር ደርሶኛል። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሰሚ በማጣቴ፣ የሚከተለውን በአደባባይ ለማመልከት ተገድጃለሁ።

፩ኛ፦ መኪናዋ ኦቶማቲክ ስለሆነች እግር የሚረግጠው ፍሪሲዮን የላትም። በእሱ ፈንታ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር የሚሉት፣ ዘይት የሞላው ዝግ ከበሮ ነው። በውስጡ ሁለት ማራገቢያ መሳዮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንደኛውን ሞተሩ ያዞረዋል፣ እሱ ዘይቱን ይገፋል፣ የተገፋውም ዘይት፣ ወራጅ ውሃ ወፍጮ እንደሚያዞር፣ ሁለተኛውን አዙሮ ጉልበቱን ወደ ጎማው ይልካል። በመካከላቸው ያለችው ትንሿ ሦስተኛ ደግሞ ተመላሹን ዘይት አቅጣጫ እያስያዘች፣ መኪናዋ ስትነሳና ዳገት ስትይዝ ጉልበት ትጨምርላታለች። ይህን ሁሉ እርስዎ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም፤ የጻፍኩት ለሌላው አንባቢ ነው።

፪ኛ፦ መኪናዋ በተበላሸችበት የገበያ ቀን ከጋሸና ስንመለስ እርስዎ መሪውን ከእኔ ተቀብለው ሲነዱ፣ ዳገቱ መሐል አማትዎን አቶ ሰውአገኝን አገኟቸው። አማትን ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር መሆኑን እኔም የላስታ ልጅ ነኝና አላጣሁትም። ዳሩ ግን ፍሬን ሳይዙ፣ መኪናዋን በነዳጅ ብቻ ዳገቱ ላይ አንጠልጥለው፣ ከገብሱ ጀምረው በሞተው በሬ በኩል እስከ አክስታቸው ወገብ ድረስ ጠይቀው እስኪጨርሱ፣ ጎማው ቆሞ የሞተሩ ጉልበት መሄጃ ስላጣ ዘይቱን ሲያፈላው ቆየ። ፍሬኑን ይያዙ ብዬ ብለምንዎ፣ ሽማግሌ ፊት ጣልቃ መግባት ስድነት መሆኑን ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

፫ኛ፦ ሽታው ወጥቶ መኪናዋ አልሄድ ስትል ሞተሩን አጥፍተው፣ ገበያተኛውን ሰብስበው በግፊ እንድትነሳ ቁልቁል አስገፏት። በግፊ የምትነሳው ፍሪሲዮን ያላት መኪና ናት። የእኛይቱ ሞተሯ ካልዞረ ዘይቷን የሚገፋላት የለም። ምስኪኑ ሕዝብ ታዝዞ ዳገቱ ግርጌ እስካለው ድልድይ ገፋት፤ እስካሁንም እዚያው ናት።

፬ኛ፦ ትእዛዝዎን ለመፈጸም ወልድያ ወርጄ መለዋወጫ ሻጮችን ብጠይቅ ሳቁብኝ። ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ፤ ከመንዳት ሌላም ሙያ የለኝም። ጨነቀኝና የሚኒባስ ፍሪሲዮን ገዝቼ አመጣሁ። ንብረት ክፍል አንድም ጥያቄ ሳያነሳ በሞዴል ፲፱ ደረሰኝ ተቀበለኝ። አሁን ደግሞ ገጥመህ አስነሳት ተብያለሁ። የት ላይ እንደምገጥመው በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

ጥፋቱን ሳይጠይቁ አጥፊውን በማግኘት ችሎታዎ ዘወትር የምደነቅ፣ እውነትን ይዤ መድረሻ ያጣሁ፣
ታዛዥ አገልጋይዎ
ደሳለ ከፋለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ እናትዎ እማሆይ ጽጌማርያም ታመው በቃሬዛ ስናወርዳቸው፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ድልድዩ ዘንድ መኪናዋን ሲያዩ ለምን በእሷ እንዳልወሰድናቸው ጠየቁኝ። «ልጅዎ አቶ ተክለ ሚካኤል ያውቃሉ» ብያቸዋለሁ። ሐኪም ቤት ተኝተው መልስዎን እየጠበቁ ነው።