ለወለድ አገድ የተሰጠው ጓሮ

ውድ እማማ ጣይቱ፦

እኔም ልጅዎ አብነትም ደህና ነን፣ ተመስገን። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልኝ? ቅባቱን ሳይከፍቱ ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጡት ጎረቤትዎ ዘሀራ ነግራኛለች፤ የእሱን ነገር ስመጣ እናወራዋለን። «ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደሚሉ ይታወቀኛል። ስልኩንማ ሞከርኩት። የጓሮውን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «በይ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለው ይዘጉብኛል። ወረቀት አይዘጋም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠሩት ዳዊት ለመድገም ብቻ አይደለምና፣ እባክዎ መነጽርዎን ያድርጉና እስከ ታች ያንብቡልኝ። አብነት ይህን ደብዳቤ አላየውም። ለምን እንዳላየው እኔና እርስዎ እናውቃለን።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርዎት። ሰማንያ ሺህ ብሩ ሞልቷል። ሊሙ ገነት ያለው የቡና ጓሮዎ ከሐጂ ሙሀጅር እጅ ወጥቶ ወደ እርስዎ እንዲመለስ የቀረው የእርስዎ «እሺ» ማለት ብቻ ነው። መስቀል ካለፈ ግን የዘንድሮውንም ቡና የሚለቅሙት እሳቸው ናቸው።

ሰርጋችን ትዝ ሲለኝ አሁን አሁን መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፣ ቀጥሎ ንዴቴ። አብነት የኮሌጅ ላብራቶሪ ሠራተኛ፣ እኔ ሰርቦ የማስተምር መምህርት፤ የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ ወሩን ካደረሰን ጎበዝ ነው። እኛ ግን ቬሎ ከአዲስ አበባ አስመጣን፤ የመኪና አጀብ አሰለፍን፤ ለመልሱ ደግሞ «በአንድ በሬ ሰው ምን ይለናል?» ብለን ሁለተኛ በሬ ጣልን። ሰውማ ያለው «ክትፎው ቅቤ አነሰው» ነው። እርስዎ ያን ሁሉ ሽር ጉድ ቁጭ ብለው አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ስንት ጎደላችሁ?» በሳምንቱ ሰማንያ ሺህ ብር በፎጣ ጠቅልለው መጡ። «ከቡና ሽያጭ ነው» አሉን። እኛም ተማርን የምንል ሰዎች፣ ከዚያች ጓሮ ይህን የሚያህል ብር እንዴት ወጣ ሳንል ተቀበልን። ቆጥረን ነው የተቀበልነው፣ ይቅር ይበለን።

በተከታዩ ኅዳር ለሥልጠና ሊሙ ገነት ተላክሁ። ላስደንቅዎ ብዬ ሳልደውል፣ ብርቱካንና ስኳር ይዤ መጣሁ። ቤቱ ዝግ ነው። ዘሀራ ከደጇ ሆና «ያ ናርዲ! ሙሽሪት! ጓሮ ናቸው፣ ለቀማ ላይ ናቸው» አለችኝ። በአጥሩ ዞሬ ገባሁ። ጓሮው በለቃሚ ሞልቷል። የለቃሚዎቹ ካቦ፣ የማላውቀው ሰው፣ «እማማ! ማሎ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ፣ ቅርንጫፉን አይስበሩት!» ብሎ ይጮሃል። የሚጮህባቸው ሴትዮ ቀና ሲሉ እርስዎ ነዎት። ሻሽዎን አጥብቀው አስረዋል፤ ቅርጫቱ ወገብዎ ላይ ነው፤ ዛፉን ደግሞ በገዛ እጅዎ ነው የተከሉት። አዩኝና ጣትዎን ከንፈርዎ ላይ አደረጉ። እኔም ከነብርቱካኔ ወደ ኋላ ተመለስኩና ከቤቱ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁዎ።

ማምሻውን ሲመጡ እግርዎን ልጠብዎ ብል እምቢ አሉኝ። «ቡናውን ሸጥኩ ብዬሽ የለ? አልዋሸሁሽም። ሳይወለድ ሸጥኩት» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ጓሮውን ለወለድ አገድ ሰጥተውት ኖሯል። ብሩ እስኪመለስ ድረስ በየዓመቱ ቡናውን አበዳሪው ሐጂ ይለቅማሉ፤ ከዕዳው ግን አንዲት ሳንቲም አትቀነስም። «እሺ፣ እሱስ ይሁን፤ የቀን ሥራው ምን ይሉታል?» ብዬ ተቆጣሁዎ። አማቴን ስቆጣ የመጀመሪያዬ ነው። ጉልበትዎን እያሹ «ሌላ ሰው ሲለቅመው ቆሜ ማየት አቃተኝ ልጄ። እጃቸው ሻካራ ነው። ዛፉ ደግሞ የኔን እጅ ያውቃል» አሉኝ። ከዚያ በማርያም አስማሉኝ። ጓሮው መያዙን ለአብነት እንድነግረው፣ ለቀማውን ግን እንዳልነግረው። ይኸው እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

መያዙን የነገርኩት ዕለት ልጅዎ እራቱን አልበላም። እኔም «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚሉት ለሐብልና ለጉትቻ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን የሰርግ ፎቶዎቻችንን ከግድግዳው አወረድኳቸው።

ሱዓድ የምትባል የሒሳብ መምህርት ጓደኛ አለችኝ። «ደመወዛችን አይበቃም፣ ከየት አምጥተን እንከፍላለን?» ብዬ አለቀስኩባት። «ወላሂ ናርዲ፣ አለመብቃቱን በምን አወቅሽ? የት የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም። «በይ አንድ ወር ምንም እንዳትቀንሺ። ከእጃችሁ የወጣውን ብቻ በየቀኑ ጻፉ። ሌባውን ሳታዪ ውሻ አትግዢ» አለች። እኛም ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር፣ በየዕለቱ ሣጥን ውስጥ በጥቃቅን ፊደል መጻፍ ጀመርን። ልጅዎ የመንግሥት ሠራተኛ አይደል፣ በየሁለት ቀኑ «ልዩ ልዩ» ብሎ ይጽፋል። «ይሄ ልዩ ልዩ የሚሉት ሰውዬ ማነው? ከኛ ጋር የሚኖር ከሆነ ኪራይ ይክፈል እንጂ!» አልኩት። ሲመረመር ልዩ ልዩ ማለት ማኪያቶ ነው፤ ልዩ ልዩ ማለት ሎተሪ ነው። የኔም ጉድ አልቀረም። ባጃጅ ጠዋት፣ ባጃጅ ማታ፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ ምሳ ውጪ፣ ስሟን ለማላውቃት ሴት የልደት መዋጮ። ወሩ አልቆ ስንደምረው ትልቁን ድርሻ የወሰደው ይሉኝታ ሆኖ ተገኘ። ተጋበዝን ብለን እንጋብዛለን፣ ታየን ብለን እንሳፈራለን።

ከዚያ መቀነስ ጀመርን። ሶፋውን ሸጥነው፤ ያንን ተቀምጠውበት «ከዚህ ላይ የሚነሳ ሙሽራ ሥራ አይሄድም» ያሉትን። ምሳችንን በምሳ ዕቃ መያዝ ለመድን። ማኪያቶ የእሁድ ብቻ ሆነ። ጓሮ በር ላይ ጎመን ዘራሁ፣ ግማሹን የአከራያችን ዶሮዎች በሉት። ከሁሉ የከበደኝ መዋጮ ሲሰበሰብ «ዘንድሮ አልችልም» ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ አልኩት። ስወጣ ከኋላዬ አንዷ «የሙሽሪት ኪስ ተሰፋ» ስትል ሰማሁ። ሰርቦ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ገብቼ ትንሽ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ክፍል ገባሁ። ሁለተኛው ቀን ቀለለኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚሉት?

ባጃጅ መተዉ ደግሞ በነጋሳ ምክንያት አስቸገረኝ። ነጋሳ ሰፈራችን መንደራ ቆጪ መታጠፊያው ላይ ጠዋት ጠዋት የሚጠብቀኝ ባለ ባጃጅ፣ የልጆች አባት ነው። ሰሞኑን ሁሉ በአጠገቡ በእግሬ ሳልፍ አይቶ አንድ ቀን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። «እህቴ፣ ምን በደልኩሽ? ሌላ ሰው ያዝሽ እንዴ?» ሐኪም ተራመጂ ብሎኝ ነው ልለው አስቤ፣ የሰውየውን ፊት ሳይ አፈርኩ። «ዕዳ አለብኝ ነጋሳ» አልኩት። በሳቅ ፈረሰ። «ኤዬ! ታዲያ ይሄ ባጃጅ የኔ መስሎሽ ነው? እኔም የምነዳው ለሰው ነው፤ ዕዳ ላይ ነኝ!» ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ «ስንት ቀረሽ?» ይለኛል፣ እኔም «አንተስ?» እለዋለሁ። ዝናብ የበረታ ዕለት አስገድዶ ያስገባኛል፣ ሒሳብ አይቀበልም። ዕዳዬን በአደባባይ የምነግረው ሰው ካገኘሁ በኋላ ሌላውን ሰው መፍራት ተውኩ።

አሁን የምነግርዎን ለማንም አልነገርኩም። ማታ ከሰርቦ ሚኒባስ ስወርድ አብነት ጅማ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ አብረን በእግራችን ወደ ቤት እንገባለን። ድሮ በባጃጅ ስንሄድ ሞተሩ ስለሚጮህ አናወራም፤ ቤት ስንደርስ ደግሞ እሱም በስልኩ፣ እኔም በስልኬ። በእግር ሲሆን መንገዱ ረጅም ነውና ዝም ብሎ አያልቅም። እርስዎና ነፍሳቸውን ይማርና አባቱ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ከመንዝ መጥታችሁ የመጀመሪያዎቹን ችግኞች ስትተክሉ እሱ ጀርባዎ ላይ ታዝሎ እንደነበር የነገረኝ በዚያ መንገድ ላይ ነው። በሰርጋችሁ የተበላው ሽሮና ንፍሮ ብቻ እንደነበረም እርስዎ የነገሩትን ነገረኝ። ምን እንደሚያስፈራው፣ ልጅ ስንወልድ ማንን እንዲመስል እንደሚፈልግ፣ ሁሉን እየሄድን ሰማሁ። እማማ፣ ልጅዎን እወደዋለሁ። በሰርጌ ቀንም እወደው ነበር፤ ግን ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። ጫማው ውሃ ሲያስገባ እንደ ሽማግሌ ይነጫነጫል፣ እኔም እስቅበታለሁ።

ይህን የምነግርዎ በሐምሌ ያሉንን ስላልረሳሁት ነው። መጥተን «ብሩ ሊሞላ ነው» ስንልዎ ፊትዎ ጠቆረ። «የሰርግ ስጦታ የሚመልስ ሙሽራ የት አገር አያችሁ? ስጦታውን የመለሰ ትዳሩን መለሰ! ሁለተኛ ይህን ካነሳችሁ ደጄን እንዳትረግጡ» አሉን። አብነት አንገቱን ደፋ። እኔ እስከ ጅማ ድረስ በመስኮት እያየሁ አለቀስኩ። ቁጣዎ ከፍቶኝ አይደለም፤ ምን እንደፈሩ ገብቶኝ ነው። አንድ ለእናቱ ነው፤ ትዳሩ እንዳይበተን ሰጉለት። እማማ፣ ስጦታዎን አንመልስም። ብንፈልግም አንችልም፣ ከነሁለቱ በሬ በልተነዋል። የምንመልሰው የሐጂን ብር ነው። ትዳራችንም እየከፈልን ነው የጠነከረው፣ አይፍሩለት።

ባለፈው ቅዳሜ ለብቻዬ ሐጂ ሙሀጅር ዘንድ ሄጄ ነበር። ለእርስዎ ሳልነግር ጨርሼው፣ የውሉን ወረቀት ይዤ ልመጣ ነበር ሐሳቤ። በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው በጥሞና ሰሙኝ። «ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለች ምራት ለሁሉም ይስጥ። ብሩን ግን ካንቺ አልቀበልም» አሉኝ። «ለምን?» አልኳቸው። «ውሉ የተጻፈው በሦስት ሽማግሌ ፊት ነው። ጓሮውን የሰጠችኝ ጣይቱ ናት። በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ብሩን በእጇ ትስጠኝ፣ ወረቀቷንም በእጇ ትውሰድ። ነገ ከነገ ወዲያ ‹ሐጂ ከልጆቹ ጋር ተመሳጠረ› መባል አልወድም። ከመስቀል በኋላ ከመጣች ደግሞ ቡናው መቅላት ይጀምራል፤ ያስኮተኮትኩትም፣ ያስጠበቅሁትም እኔ ነኝ፤ የዘንድሮውን እለቅማለሁ። ሐቄ ነው።» ሐቃቸው ነው፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ? ብሩን ይዤ ተመለስኩ።

የፊታችን ቅዳሜ ከአብነት ጋር በመጀመሪያው ሚኒባስ እንመጣለን። ለሽማግሌዎቹ ዘሀራ ነግራልኛለች፤ ሐጂም ቀጥረውናል። ነጠላዎን ለብሰው ደጅ ከጠበቁን፣ ስለ ሐምሌው አንድ ቃል ሳንናገር ተያይዘን እንሄዳለን። እምቢ ካሉም አልጨቀጭቅዎትም። ብሩ ባንክ ይቀመጣል። እኔ ግን ኅዳር ላይ ከትምህርት ቤት ፈቃድ እወስዳለሁ። ሻሼን አስሬ፣ ቅርጫት ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ከእርስዎ አጠገብ በቀን ሥራ እገባለሁ። ካቦውን ጠይቄዋለሁ፤ «እጅሽ ለስላሳ ነው፣ ግን ነይ» ብሎኛል። ያን ጊዜ አብነት ሚስቴ የት ገባች ብሎ መምጣቱ አይቀርም። ለቀማውን እንዳልነግረው ነው የማልኩልዎ። መጥቶ በዓይኑ እንዳያይ አልማልኩም።

ተቆጡኝ፤ ምራት ነኝና ያምርብኛል። ግን ከእንግዲህ እዚያ ጓሮ ውስጥ ብቻዎን እንዲጎነበሱ አልተውዎትም። በራስዎ ቡና ላይ ባለቤት ሆነውም ይልቀሙ፣ ለሐጂ የቀን ሠራተኛ ሆነውም ይልቀሙ፣ ዘንድሮ አጠገብዎ ያለሁት እኔ ነኝ።

ልጅዎ ናርዲ
ጅማ፣ መንደራ ቆጪ