ከሳጥኑ የቀረው ዱላ

ውድ አጎቴ፣

ነገሩ የተበላሸበትን ቅጽበት ልንገርህ፤ አንተም እዚያው ስለነበርክ ታስታውሰዋለህ። በሜዳችን የዓመቱ የመጀመሪያ የላክሮስ ጨዋታ ሊጀመር ነበር። አዳራሹ ጨልሞ፣ ከበሮ እየተመታ፣ አዲሱ በረኛ ብሬናን ምንጣፉን አቋርጦ ወደ ግቡ ሮጠ። የግቡን ብረቶች ኳስ በሚይዝበት ባለመረብ የእንጨት ዱላው ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ ነካ ነካ አደረገና ጎንበስ ብሎ በእኛ ቋንቋ «የአክስቴ ልጆች፣ ተነሡ እንጂ!» አላቸው። ብሬናን ከሩቅ፣ ከሳስካቹዋን የመጣ የሌላ ወገን ልጅ ነው፤ በቋንቋችን ውኃ መጠየቅ እንኳ አይችልም። የግብ ብረት እንደ ዘመድ የሚቀሰቅስ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ ከብሬናን በፊት በረኛችን የነበረው ወንድሜ ሮይስ። እሱን ደግሞ በመከር ቀብረነዋል።

ተጫዋቾቹ አሠልጣኛቸው አንተ ያስጠናኸው መስሏቸው ሳቁ። እኔ ያየሁት ያንተን ፊት ነው። አልሳቅክም።

ሰላምታዬን ስላላስቀደምኩ ይቅር በለኝ። እናቴ ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብላ ነው ያሳደገችኝ። እንግዲህ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህ ክረምቱን እንዴት ቻለው? ከሥራ ቤትህ ጣሪያ ሥር የሰቀልከው፣ ዱላ የምትሠራበት የሂከሪ እንጨት ደረቀልህ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አልሆነልኝም። እናቴም ሰላም በይልኝ አላለችኝም።

ያን ቀን ከጨዋታው በኋላ ብሬናን ትከሻውን እንዳሽለት ወደ ሕክምና ክፍሌ መጣና ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። እንደ ወጋችን እጄን ሰበሰብኩ። የፕላስቲኩን ዱላ ማንም ይነካዋል። የእንጨቱን ግን ሴት አትነካም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስወጣም፣ በዚህ ቡድን ውስጥ ስሠራም ነክቼ አላውቅም። ይህን ሕግ የጠበቅኩት ፈርቼ አይደለም፤ ስለማምንበት ነው። ዓይን ግን አይከለከልም። የመያዣው ጫፍ ታኝኳል። ውሻችን ቡችላ ሳለች ያኘከችው፣ ሮይስ «ፈርማልኛለች» እያለ ለሰው ሁሉ የሚያሳየው ጫፍ ነው።

የሬሳ ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ዱላውን ከሮይስ ጎን ያጋደምከው አንተ ነህ። በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ነበር ያመጣኸው፤ ለእኛ የታየን መረቡ ብቻ ነው። ወንድ ልጅ የራሱን ዱላ ይዞ ካልሄደ እዚያ ማዶ የሚጫወቱት ሙታን ባዶ እጁን ያገኙታል፣ እሱም ዱላውን ፍለጋ ይመለሳል ብለህ ያስተማርከን አንተው አይደለህ?

ኮሪደሩ ላይ ስጠይቅህ መካድ እንኳ አልፈለግክም። «አዲስ ሠርቼለታለሁ። ከዚያኛው በምን ያንሳል?» አልከኝ። «ያኛው እንጨት ማሸነፍ ለምዷል። ሮይስ ዋንጫ ሲመኝ አይደል የሞተው? ይኸው፣ አሁንም እየተጫወተ ነው።» እናቴ ታውቃለች ወይ ስልህ «በሐዘኗ ላይ አትነዝንዣት። አንቺ ደግሞ የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ በእንጨት አትጨቃጨቂ» አልክ። እንጨት! አንተ! በየዓመቱ ዛፉን ከመቁረጥህ በፊት ትምባሆ አስቀምጠህ ይቅርታ የምትለምነው ሰው!

ከዚያማ ማሸነፍ ጀመርን። ዓምና ከሁሉም በታች የነበሩት የቡድናችን ልጆች፣ ሽመላዎቹ፣ ማንም የማይደፍራቸው ሆኑ። ብሬናን ኳሱ ሳይወረወር እጁ ቀድሞ ይደርስ ነበር። የቴሌቪዥን ተንታኞቹ «ይህ ልጅ ከኋላውም ዓይን አለው» አሉ። እኔ ደግሞ ዓርብ ዓርብ፣ ተጫዋቾቹ ከየሥራቸው ሲሰበሰቡ፣ ያንን እጅ እይዘው ነበር። ግራ እጁ ይቀዘቅዛል። ከብርድ የገባ ሰው እጅ አይደለም፤ ስታሸው አይሞቅም፤ ከጉድጓድ እንደወጣ ድንጋይ ነው። ቅዝቃዜው መጀመሪያ ጣቶቹ ላይ ነበር፤ እየዋለ እያደረ አንጓውን፣ ከዚያ ክርኑን አለፈ። የቡድኑ ሐኪም ደም ሥሩንም ነርቩንም መርምሮ ምንም የለበትም አለ።

አንድ ዓርብ ብሬናን «እኔ የምልሽ፣ ያ ረጅም ልጅ ማን ነው?» አለኝ።

የትኛው አልኩት።

«ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው። ግራ እጁን ዘርግቶ ዝም ብሎ ያየኛል። ውኃ ፈልጎ እንደሆነ ብዬ ብሰጠው አልተቀበለኝም። ደግሞ ምን ያህል ነው የሚታጠበው? ሁልጊዜ ጸጉሩ እርጥብ ነው።»

አብሮት የሚጫወተው ዱዌይን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ያው የእኛ ዱዌይን፣ አፉ አያርፍም። «ብሬናን፣ እርጥብ ጸጉር ያለው ወንድ ካማረህ ንገረን፤ ከሆኪ ተጫዋቾቹ አንዱን እናመጣልሃለን» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው። ብሬናንም ሳቀ። ከብሬናን ጎን ያለው ቦታ የሮይስ ነው። ቡድኑ ለመታሰቢያ ማልያውን ሰቅሎ ባዶ ትቶታል። ብሬናን ስለ ሮይስ የተነገረው «አደጋ ደርሶበት ሞተ» የሚል ብቻ ነው። መኪናው ከድልድዩ ላይ ወንዝ መግባቱን የነገረው የለም። ወንድሜን ከግራንድ ወንዝ ሲያወጡት ዳር ላይ ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ጸጉሩ ምን እንደሚመስል አንተም ታውቃለህ።

አንተን ደግሞ በዚያው በልብስ መቀየሪያው ክፍል አይቼሃለሁ፣ አጎቴ። ባዶውን ወንበር ሁልጊዜ ዞረህ ነው የምታልፈው። አንድ ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሳለ «ይቅርታ» ብለህ ገለል ስትል ሰማሁህ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩህም።

ቤትም ሰላም አልሰጠንም። እሑድ ቀትር ላይ፣ እናቴ የበቆሎ ሾርባ ስታወጣ፣ የመጋዘኑን ግድግዳ ኳስ ይመታዋል። ሮይስ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመታው ያንኑ ቦታ ነው። እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ትቆማለች። ወጥቼ አያለሁ፤ በረዶው ላይ ዱካ የለም። ስነግርህ «ከጣሪያ የሚወርድ በረዶ ነው» አልክ። ወደ ጎን የሚወርድ በረዶ ካንተ ነው የሰማሁት።

የካቲት ላይ ቆረጥኩ። ዱላውን ካልመለስክ ለእናቴም ለሽማግሌዎቹም እናገራለሁ አልኩህ። አንተ ቀደምከኝ። በዚያው ሳምንት ስንሸነፍ ለተጫዋቾቹ «ዱላውን ሴት ነክታዋለች። መድኃኒቱ፣ ኃይሉ ከእንጨቱ ወጥቷል» አልካቸው። ማን እንደሆነች ስም መጥራት አላስፈለገህም፤ ክፍሉ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። የእኛዎቹ ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ብለው አላዩኝም። ዱዌይን ብቻ ነው «ነይ እኔንም ንኪኝና ከልምምድ ልረፍ» ያለኝ፤ እሱም ሲስቅ ዓይኑ እየሸሸ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝና በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ባህላችሁን እናከብራለን» ብሎ አሰናበተኝ። በገዛ ባህሌ አባረረኝ፤ እሱ ስለ ባህሉ የሚያውቀው አንተ የነገርከውን ብቻ ነው። አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ ጫማህን ታይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስላለው የምታውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ ልጻፍልህ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ብሬናን ብቻውን መኪና እየነዳ ቤታችን መጣ። ግራ እጁን ጭኑ ላይ አጋድሞ በአንድ እጁ ነበር የሚነዳው። ዱላው በፎጣ ተጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ላይ አለ። ሰላምታም ሳያቀርብ «ያ ጸጉሩ እርጥብ ልጅ የፈለገው ይህንን ነው አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም? እኔ እንደሆን የራሴ ዱላ አለኝ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ ከዚያም ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። አንድ ሳህን ሾርባ አምጥታ ሰጠችውና ኮቷን ለበሰች።

ሽማግሌ አልቪንን ከረጅሙ ቤት፣ ከሕዝባችን የመሰብሰቢያና የጸሎት አዳራሽ፣ ይዘን ወደ መቃብሩ ሄድን። ታሪኩን እየሰሙ መንገዱን ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳጥን አይከፈትም፣ ከላዩ ይቀበርለታል አሉ። መቃብሩ ላይ ትምባሆ አስቀምጠው ሮይስን በስሙ ጠርተው አነጋገሩት። ከዚያ ካፖርታቸውን አውልቀው ከብሬናን ጋር መቆፈር ጀመሩ። እኔና እናቴ ቆመን ነበር።

በረዶው ከቀለጠ ገና ጥቂት ቀኑ ነው። ሣሩ እንደተያያዘ ነበር፤ ያንን አፈር ከቀብሩ ወዲህ ማንም አልነካውም። አካፋው ክንድ ያህል ሳይወርድ እንጨት መታ። ብሬናን በእጁ አፈሩን ጠርጎ አወጣው። ነጭ የእንጨት ዱላ ነው፤ አዲስ፣ አንድም ኳስ ያልያዘ፤ መያዣው ላይ ያንተ ምልክት ተቀርጾበታል። ሳጥኑ ከዚያ በታች ስንት ክንድ ጥልቀት ላይ እንዳለ ጉድጓዱን ያስቆፈርከው አንተ ነህና ታውቃለህ።

ብሬናን «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለ። ሽማግሌ አልቪን አካፋቸውን ተደግፈው «ሮይስ መልሶታል» አሉ። እናቴ የዚያን ቀን የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው። ስምህን ጠራች።

የሮይስን ዱላ ብሬናን ራሱ አጋደመለት፤ አፈሩንም ራሱ መለሰ። እኔ አሁንም አልነካሁትም፤ ይህንን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ብሬናን ሲመለስ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። እሑድ ቀትር ላይ እኔና እናቴ ምግባችንን ይዘን ጠበቅን። ጸጥ ያለ ነበር። እናቴ በጸጥታው አለቀሰች።

የተመለሰውን አዲሱን ዱላ ዱዌይን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልሃል። ምን እንዳደረግክ ነግሬዋለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋው። ቅዳሜ ለዋንጫው ስትጫወቱ ብሬናን በፕላስቲክ ዱላ ይገባል። ብታሸንፉ የእሱ ነው፤ ብትሸነፉም የእሱ ነው።

ጉልበትህን ፈጣሪ ይጠግንልህ። እንጨትህ ሳይሰነጠቅ ይድረቅልህ። እነዚህን ከልቤ ነው የምመርቅህ፤ ኳስ መያዝ ያስተማርከኝን አጎቴን ፈጽሜ መጥላት አልቻልኩም።

ግን ስማኝ። ጎሳችን በእናት ነው የሚቆጠረው፤ የሮይስ ቀብር ላይ የመወሰን ቃሉ የእናቴ ነበር፣ አንተ ከእጇ ሰረቅከው። ሴት እንጨቱን አትነካም ማለት ነገሩ አያገባትም ማለት አይደለም። በመጪው ስብሰባ ረጅሙ ቤት ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት ቆመህ ምን እንዳደረግክና በማን ላይ እንደዋሸህ ትናገራለህ፤ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ። በጓዳ የሚባል ይቅርታ አልቀበልም። «ለቤተሰቡ ስትይ» አልቀበልም። ባልነካሁት ነገር አንገቴን ደፍቼ በገዛ መንደሬ መሄድን ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።

የእህትህ ልጅ