በወይዘሮ ስትሪከር ቤት ቦታ ላይ ሊቆም ስለታሰበው የሕገ መንግሥት ድንጋይ

ለክቡር አቶ ሮላንድ ሃቨርካምፕ
የኮርዊን ፎርክ ከተማ ምክር ቤት ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የሕገ መንግሥት አደባባይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኮርዊን ፎርክ፣ አዮዋ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ማክሰኞ በስብሰባው አዳራሽ ከወንበር ወደ ወንበር ሲመላለሱ ስላየሁዎ ወገብዎን እንዳላመመዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ አዲሱ ጀልባዎና በስብሰባ ጊዜ ከእጅዎ የማይለየው የእንጨት መዶሻ ሁሉ ደኅና እንደሆኑ አምናለሁ። እኔም ደኅና ነኝ። ወይዘሮ ቬልማ ስትሪከር ግን ደኅና አይደሉም፤ ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ እንዳወጣ ያስገደደኝም ይኸው ነው።

በአዳራሹ ላልነበሩ አንባቢዎች ስል ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። ምክር ቤትዎ በሦስተኛው መንገድ ጥግ ያለውን የወይዘሮ ስትሪከርን ቤት ወስዶ ሊያፈርስና በቦታው የሕገ መንግሥት አደባባይ ሊሠራ አስቧል፤ መካከሉ ላይ የዜጎችን መብት የሚደነግጉት አሥሩ የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያዎች የተቀረጹበት ጥቁር ድንጋይ ይቆማል። ወይዘሮዋ የሰባ ሦስት ዓመት መበለት ናቸው። በዚያ ቤት አርባ አራት ዓመት ኖረዋል፤ ሟች ባለቤታቸው ቬርኖን በሠራላቸው የፊት ክፍል ውስጥም የግማሹን አውራጃ የስፌት መኪና እስከ ዛሬ ይጠግናሉ። የፊታችን ማክሰኞ ድምፅ ይሰጣል። ካለፈ፣ ነሐሴ ሳይገባ ይወጣሉ። ቤቱን የሚያጡት ስለ መብታቸው በሚናገር ድንጋይ ምክንያት መሆኑ ትልቅ ክብር እንደሆነ ገና አልገባቸውምና ይታገሷቸው።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ለይቶ ማቅረብ ስላቃተኝ ሁለቱንም በአንድ ላይ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሥልጣን ክፍፍል አመሰግንዎታለሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ለሃያ ሰባት ዓመት የዜግነት ትምህርት ሳስተምር፣ የዚህች አገር መሥራቾች ሥልጣንን ለምን በአንድ ሰው እጅ እንዳላስቀመጡ ለማስረዳት ብዙ ጠመኔ ጨርሻለሁ። እርስዎ በሁለት ወንበር ብቻ ገለጹት። በመጀመሪያ በግራ በኩል ባለው ወንበር ተቀምጠው እንደ አደባባዩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቤቱ እንዲወሰድ ምክር ቤቱን በትሕትና ጠየቁ። ከዚያም ተነሥተው መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀመጡና እንደ ምክር ቤት ሰብሳቢ ጥያቄውን ተቀበሉ፤ ኮሚቴውንም ስለ ትጋቱ አመሰገኑ። አንዱ ሥልጣን ሌላውን ሲቆጣጠር በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ርቀቱም አንድ ሜትር ከግማሽ ይሆናል።

፪. ስለ ሦስቱ ደቂቃዎች አመሰግንዎታለሁ። ማንኛውም ነዋሪ በመዝገቡ ላይ ስሙን ጽፎ ሦስት ደቂቃ የመናገር መብት አለው፤ ጥሩ ደንብ ነው። ከግዛታችን ዋና ከተማ ከዴ ሞይን የመጣው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነዋሪ ስላልሆነ ደንቡ አልነካውም፤ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሥዕል አሳየን፤ በሥዕሉ ላይ ያሉት ዛፎች ሳይቀሩ ደስተኞች ነበሩ። ወይዘሮ ስትሪከር ግን ሦስት ሳምንት የደከሙበትን አራት ገጽ ይዘው ቆሙ። እርስዎም የንግግር ደንቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡላቸው፤ ሰዓቱ በዚህ መካከል ይቆጥር ነበር። ስማቸውንና አድራሻቸውን ተናግረው የመጀመሪያውን ገጽ ሲጀምሩ ድምፅ ማጉያው ተዘጋ። ለመቀጠል ቢለምኑዎ የሰጡት መልስ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል፦ «እመቤቴ፣ ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ነው።»

ከአዳራሹ ሲወጡ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ቦርሳቸው እየከተቱ «ኤመሪ፣ ያልኩት እኮ ስሜን ብቻ ነው» አሉኝ። ተቆጥተው አልነበረም። ያፈሩ ይመስሉ ነበር፤ እኔን ያስቆጣኝም እርሱ ነው። ባለሥልጣን አፍሮ ዜጋ ሲቆጣ አይቻለሁ፤ የተገላቢጦሹን ግን ዝም ብዬ አላይም።

፫. ስለ ድንጋዩ አመሰግንዎታለሁ። እንደሚያስታውሱት ኮሚቴዎ የጽሑፉን ፊደል እንዳርም ጠርቶኝ ነበር። ወደ ቀራጩ ወደ ዳረል ኦስትራንደር ሄጄ አየሁት፤ አንድም የፊደል ስሕተት የለበትም። ነገር ግን አምስተኛው ማሻሻያ ሳያልቅ ቆሟል። የመጨረሻው ሐረግ፣ «የግል ንብረትም ያለ ፍትሐዊ ካሳ ለሕዝብ ጥቅም አይወሰድም» የሚለው፣ የለም። ዳረል የነገረኝ እንዲህ ነው፦ ድንጋዩ ከታዘዘው በአንድ ስንዝር አጥሮ መጣ፤ ከጽሑፉ የትኛው ይቅር ብሎ ቢሮዎ ደወለ፤ እርስዎ ራስዎ ስልኩን አንሥተው ይህን ሐረግ አስቀሩት። «ሮላንድ፣ ይሄ እኮ ሕገ መንግሥት ነው» ቢልዎ «ማንም እስከዚያ ድረስ አያነብም» አሉት።

ክቡር ሆይ፣ እኔ አንብቤያለሁ። ለካሳው የቤቱን ዋጋ እንዲገምት የላኩት ሰው ግን እንዳላነበበ ግልጽ ነው፤ ከመኪናው ሳይወርድ ቤቱን አይቶ የቬርኖንን ክፍል «ዕቃ ማስቀመጫ» ብሎ መዝግቦታልና። እንዲያርም የታዘዘ ሰው ያለውን ፊደል እንጂ የሌለውን አያርምም ቢሉኝ፣ ልክ ነዎት፤ ከሥልጣኔ ውጭ ነበር። ስለዚህ ከሥልጣኔ ውጭ ሆኜ እዚህ ጻፍኩት።

፬. አራተኛም ነበረኝ። ሦስተኛውን ጽፌ ስጨርስ አያስፈልግም አልኩ።

አሁን ስለ ማክሰኞ ላሳውቅዎ፤ ድንገተኛ ነገር እንደማይወዱ አውቃለሁ። ደንብዎን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ሰው ደቂቃውን ለሌላ መስጠት እንደማይችል ይናገራል፤ በራሱ ደቂቃ ምን ማንበብ እንደሚችል ግን አይናገርም። እስከ ትናንት ድረስ አምሳ ስምንት ሰው በመዝገቡ ላይ ፈርሟል። ወይዘሮ ስትሪከር ስማቸውን ይናገራሉ፤ ያን እንኳ ለምደውታል። ከዚያ በኋላ አራቱን ገጽ እኛ እየተነሣን፣ እያንዳንዳችን አንዳንድ ዐረፍተ ነገር እናነባለን። የብረታ ብረት ሱቁ ባለቤት አለ፤ ቄስ ሊንድግሬን አሉ፤ በአጥር ምክንያት ለዘጠኝ ዓመት ያልተነጋገሩት ሁለቱ የሆክስትራ ወንድማማቾችም ተከታትለው ቆመው ያነባሉ። ፀጉር አስተካካዩ መርል የደረሰው ስለ ቬርኖን የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ነው። «እኔ ካለቀስኩ ከሦስት ደቂቃዬ ይቀነሳል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደንቡ ስለ እንባ ምንም አይልም አልኩት።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ወይዘሮዋ እስከ መጨረሻው ይሰሙ፤ ቤቱን በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ይገምተው፤ እርስዎም ከሁለቱ ወንበሮች አንዱን ይምረጡ። ይህ ሳይሆን መዶሻዎን ቢያሳርፉ እኛ አንቀመጥም።

በሁለቱም ወንበሮችዎ ላይ ላሉት ክቡርነትዎ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ፣ ጥልቅ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ሰዓቱ ለሁሉም እኩል እስከሆነ ድረስ ታዛዥዎ ሆኜ የምቆየው፣

ኤመሪ ቮስ
ሦስተኛው መንገድ፣ ከወይዘሮ ስትሪከር ፊት ለፊት

ማስታወሻ፦ ስምንተኛ ክፍል ሳለን መምህርት ኩዊል የሕገ መንግሥቱን መግቢያ በቃላችን ስታስወጣን እርስዎ «የበለጠ የተሟላ አንድነት ለመመሥረት» ካሉ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ጠፍቶብዎ ነበር፤ ጆሮዎ እስኪቀላ ቆመው ሳሉ ከፊት ወንበር በሹክሹክታ የነገርኩዎ እኔ ነኝ። ቃሉ «ፍትሕ» ነበር። ማክሰኞም ቢጠፋብዎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያገኙኛል፤ አሁን ግን በሹክሹክታ አልነግርዎትም።